ሄለን ለምን የፊልም መሪ ተዋናይት አልሆነችም? ከአንድ ረጅም የውይይት ክር

ክሩን የከፈተው ሰው የጠየቀው ነገር ላዩን ሲያዩት ቀላል ነው። የድሮ የህንድ ፊልም በተወሳ ቁጥር የመሪ ተዋናይቷን ስም የዘነጋ ሰው እንኳ የሄለንን ውዝዋዜ አይረሳም፤ ታዲያ ይህች ሴት ሠላሳ ዓመት በዘለቀ የሥራ ዘመኗ እንደ ማድሁባላ ወይም እንደ ቫይጃያንቲማላ የፊልሙ እመቤት ያልሆነችው ለምንድን ነው ይላል። ጠይቆም አልቆመም፤ መልሱን ራሱ አስከትሏል። በእሱ አስተያየት ሄለን መደነስ እንጂ መተወን አትችልም ነበር፤ ፊልም ሠሪዎቹም ይህን ስላወቁ ለአምስት ደቂቃ ያስገቧትና ያስወጧታል። ለማስረጃ ያቀረበው የ1975ቱን «ሾሌይ» ነው። በሽፍታው በጋባር ሲንግ ሰፈር እሳት ተያይዞ፣ አር ዲ በርማን በዚያ ሻካራ ድምፁ እየዘፈነ ሄለን ትመጣለች፣ ትደንሳለች፣ ከዚያ በኋላ በፊልሙ ውስጥ አትታይም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን የችኮላ ነው፤ ከሥሩ የተጻፉት ምላሾችም አብዛኛውን ቦታ የያዙት ይህን የችኮላ መልስ በማፍረስና በመጠገን ነው። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር የጻፍኩት የክሩ ተሳታፊዎች በዚያ ስለተጠቀሙ ነው፤ በዚህ ጉዳይ የተነሣው ጭቅጭቅ ወደ ታች ይመጣል።)

ቁጥር 1 ከጠያቂው ጋር ተስማምቶ ያለፈ አጭር መልስ ነው። ጸሐፊው መርካቶ ሲኒማ ራስ የህንድ ፊልም ሲያይ እንዳደገ፣ ከተመልካቹ ሂንዲ የሚሰማ እንዳልነበረ፣ ሆኖም ሁሉም ታሪኩን ከነዝርዝሩ እየተረከ ወደ ቤቱ ይገባ እንደነበር አስታውሷል። ቋንቋው ላልገባው ሕዝብ ዳንሱ ራሱ ንግግር ነበር ማለቱ ነው። የመተወን ችሎታዋን በሚመለከት ግን ምንም ሳይጨምር በጭፍኑ ተቀብሏል።

ክሩን ክር ያደረገው ቁጥር 2 ነው። ጠያቂውን ወንድሜ እያለ በትሕትና ቢጀምርም የያዘው እርማት ጠንካራ ነበር። ሄለን መሪ ሆና አታውቅም የሚለው ስሕተት መሆኑን፣ ቻንድራሼክሃር ራሱ አዘጋጅቶ በተወነበት በ1964ቱ «ቻ ቻ ቻ» የፊልሙ ዋና ሴት እሷ እንደነበረች ገለጸ። በቀጣዩ ዓመት በወጣው «ጉምናም» ሚስ ኪቲ የምትባለውን ገጸ ባሕርይ ተጫውታ ፊልምፌር ለሚባለው የህንድ ፊልም ሽልማት በረዳት ተዋናይትነት ታጭታለች፤ በ1979 ማሄሽ ባት ባዘጋጀው «ላሁ ኬ ዶ ራንግ» ደግሞ ሽልማቱን ወስዳለች። መላሹ እነዚህን በቅደም ተከተል ከደረደረ በኋላ መተወን ለማይችል ሰው ይህ ሁሉ ከየት መጣ ሲል ጥያቄውን ወደ ጠያቂው መለሰው። እኔም በበኩሌ ከዚህ በኋላ አትችልም የሚለው ነገር ውሃ የሚያነሳ አይመስለኝም። ሆኖም ቁጥር 2 ያልነካው ነገር አለ፤ ችሎታው ካላት፣ «ቻ ቻ ቻ»ም ከተሠራ፣ ከዚያ በኋላ መንገዱ ለምን ተዘጋ?

ሦስተኛው መልስ ረጅምና የተረጋጋ ነው። የጻፈችው በዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር ሴት ስትሆን ስለ ዳንሱ ከመከራከር በፊት ዳንሰኛዋ በምን ሁኔታ ወደ ሥራው እንደገባች ማወቅ ይገባል ባይ ናት። ሄለን በ1938 በበርማ፣ በራንጉን ከተማ ተወለደች፤ እናቷ በርማዊት ነርስ ነበረች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓኖች በርማን ሲይዙ ቤተሰቡ ከሌሎች ስደተኞች ጋር ጫካና ተራራ እያቋረጠ በእግሩ ወደ ህንዷ አሳም ተጓዘ። እናቲቱ ነፍሰ ጡር ስለነበረች ፅንሱ በመንገድ ላይ ጨነገፈ፤ ዲብሩጋር ሲደርሱም ረሃብና በሽታ አድክሟቸው ሐኪም ቤት ተኙ። ወደ ካልካታ ከተሻገሩ በኋላ ወንድሟ በፈንጣጣ ሞተ። በመጨረሻ ቦምቤይ ሲገቡ የእናቲቱ ደመወዝ ለቤቱ ስላልበቃ ሄለን ትምህርቷን አቋርጣ እንጀራ ፍለጋ ወጣች። ጸሐፊዋ ይህን ስትተርክ ከራሷ ቤተሰብ መካከል በሱዳን በኩል በእግራቸው የወጡ መኖራቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጠቅሳ አልፋለች። ያንን ዓረፍተ ነገር ባታስረዝመው ጥሩ አደረገች፤ ስሜቱ ሳይነገር የሚገባ ነው።

ቁጥር 4 ከዚያው ቀጥሎ የኩኩን ስም አነሣ። ኩኩ በ1940ዎቹ በሂንዲ ፊልሞች ስመ ጥር የነበረች ዳንሰኛ ናት፤ የሄለን ቤተሰብ ወዳጅ ስለነበረች ልጅቱን እጇን ይዛ ከአጃቢ ተወዛዋዦች መካከል ያስገባቻት እሷ ናት። በ1951 በወጣው በራጅ ካፑር «አዋራ» ውስጥ ሄለን ከብዙዎቹ አንዷ ሆና ትታያለች። መላሹ እንዳለው በ1958 በወጣው «ያሁዲ» ሁለቱ ጎን ለጎን ሲደንሱ ያየ ሰው ተራው ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሲተላለፍ በዓይኑ ያያል። ኩኩ በ1981 በድህነት ሞተች። ይህችን የመጨረሻ ነጥብ መላሹ ያነሣት እግረ መንገዱን ነበር፤ ለእኔ ግን የጠያቂውን ጥያቄ ከሩቅ የምትመልስ ይመስለኛል። ያ ሙያ ያነሣውን ሰው መጦሪያ ሰጥቶ የሚያሳርፍ ሙያ አልነበረም።

ቁጥር 5 ስለ አንድ ዘፈን ብቻ የጻፈ ሰው ነው፤ አጻጻፉም የፊልም ጥናት የተማረ ያስመስለዋል። «ሃውራ ብሪጅ» በ1958 ሲወጣ ሄለን ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በካልካታ በሚገኝ የምሽት ክበብ ውስጥ የቻይናዊት አለባበስ ለብሳ ጊታ ደት በዘፈነችው ዜማ ትደንሳለች። መላሹ ተመልካቾች ዓይናቸውን ከእግሯ ላይ አንሥተው ፊቷን እንዲያዩ ጠይቋል፤ ምክንያቱም በየስንኙ መጨረሻ ቅንድቧና ከንፈሯ ከሙዚቃው ጋር እኩል ይመታሉ፣ ይህም የተዋናይ ሥራ እንጂ የእግር ሥራ አይደለም። በዚያው ፊልም መሪዋ ማድሁባላም በክበብ ውስጥ ትዘፍናለች፤ ነገር ግን የእሷ እንቅስቃሴ በዓይንና በትከሻ የተወሰነ ነው። ጨዋዋ ሴት ቆማ ትጣራለች፣ ሌላዋ ትሽከረከራለች። ይህን ልዩነት ያየ ሰው የመሪነቱ ጥያቄ ከየት እንደሚጀምር ይገባዋል ሲል ዘጋ። ከክሩ ሁሉ በጥንቃቄ የተጻፈው ይህ ነው ብል አላጋነንኩም።

ከዚያ ነገሩ ለጊዜው መስመሩን ሳተ። ቁጥር 6 «ሾሌይ» በ1975 አልወጣም፣ እኔ ያየሁት ከዚያ በፊት ነው ብሎ ተነሣ። ቁጥር 7 በኛ አቆጣጠር እያሰበ መሆኑን ነገረው፤ ፊልሙ በህንድ ለሕዝብ የቀረበው ነሐሴ 9 ቀን 1967 ዓ.ም. ስለሆነ በሁለቱም በኩል ሒሳቡ ከፊልሙ በፊት አይወድቅም አለ። ይህ ቀን ጃንሆይ በሞቱበት በዚያው ወር ላይ መዋሉን የጨመረውም እሱ ነው፤ ለጥቂት ጊዜም ሰዎቹ ስለ ሄለን መነጋገር ትተው ስለ 1967 ዓ.ም. ክረምት ማውራት ጀመሩ። ቁጥር 8 ላይ የጻፉት አዛውንት፣ ልጆቼ እያሉ ተሳታፊዎቹን ወደ ጉዳያቸው እንዲመለሱ ገሠጹ። የእሳቸው ቃና የሽማግሌ ስለነበር ማንም አልተቀየማቸውም።

የመለሰቻቸው ግን ቁጥር 9 ናት። በዱባይ በሰው ቤት ስትሠራ ከአሠሪዎቿ አያት ጋር የድሮ ፊልሞችን በቴሌቪዥን ታይ እንደነበር፣ የ1971ዱ «ካራቫን» መጥቶ ሄለን የምትደንስበት ዘፈን በደረሰ ቁጥር አሮጊቷ ድምፁን ከፍ እንድታደርግ ያዟት እንደነበር ጽፋለች። ዘፈኑን የዘፈነችው ሄለን ሳትሆን አሻ ቦስሌ መሆኗን የነገሯት እሳቸው ናቸው፤ በዚያ ዘፈን የፊልምፌር ሽልማት ያገኘችውም አሻ ናት። የአሻ ትንፋሽ እየተቆራረጠ ሲወጣ የሄለን ደረት በዚያው ልክ ይነሣና ይወድቃል፤ አር ዲ በርማን ከበስተ ጀርባ ሞኒካ እያለ ሲጣራ ደግሞ እሷ አንገቷን የምታዞረው ጥሪው ካለቀ በኋላ ነው፣ ሳያልቅ በፊት አይደለም። ሴትዮዋ ይህን ያስተዋለችው ወለል እየወለወለች መሆኑን ስትጨምር፣ ከቁጥር 5 የፊልም ትምህርት ይልቅ የእሷ ዓይን ያስገረመኝ መሆኑን ልደብቅ አልችልም።

ቃናው የተለወጠው በቁጥር 10 ነው። ይህ ሰው ስለ ጥበብ የሚወራው ሁሉ ሽፋን መሆኑን፣ ሄለን ራቁቷን ከመደነስ በቀር ያደረገችው እንደሌለ፣ ወጣቱን ያበላሹት እንዲህ ያሉ ፊልሞች መሆናቸውን በቁጣ ጻፈ። ቁጥር 11 በዚያው ቁጣ መለሰለት። ሄለን ገላዋ ተጋልጦ በካሜራ ፊት የቀረበችበት ጊዜ እንደሌለ፣ ከላባውና ከዶቃው ሥር ሁልጊዜ የቆዳ ቀለም ያለው ስስ ልብስ ትለብስ እንደነበር፣ አስተውሎ ያየ ሰው በክንዷና በሆዷ ላይ የጨርቁን መጨማደድ እንደሚያገኘው አስረዳ። ነገሩን በዚህ ቢያቆመው መልካም ነበር፤ እሱ ግን ስለ ቁጥር 10 አስተዳደግ አንድ ሁለት የማይገቡ ቃላት አከለ። ሁለቱም ከዚያ በኋላ አልተመለሱም።

የቁጥር 12 ስለት ከዚህ የተለየ ነው፤ ስድብ የለበትም፣ የሚቆርጠው ግን እሱ ነው። ጸሐፊው የ1969ኙን «ኢንተቃም» አነሣ። በዚያ ፊልም ሄለን ወርቃማ ጠጉር አጥልቃ፣ ላታ ማንጌሽካር በዘፈነችው ዜማ፣ በብረት ፍርግርግ ውስጥ በተዘጋበት ሰው ፊት ትደንሳለች። ሰውዬው ገላው ጥቁር ቀለም የተቀባ ህንዳዊ ነው፤ እንደ አውሬ ፍርግርጉን ይዞ ይነቀንቃል። መላሹ ይህን ዳንስ እያወደሱ ለሚያጋሩ ሀበሾች ያቀረበው ጥያቄ ያ በፍርግርጉ ውስጥ ያለው ማን እንዲመስል ታስቦ ነው የሚል ነበር። ቁጥር 13 ዘመኑ እንደዚያ ነበር፣ ዳንሰኛዋ ደራሲም አዘጋጅም አይደለችም ብሎ ለማብረድ ሞከረ። ቁጥር 12 በቁጥር 14 ተመልሶ ዘመኑን ሳይሆን እኛን መጠየቁን፣ እሷንም አለመክሰሱን አስረግጦ ነገረው። በእኔ በኩል ሁለቱም እውነት ይዘዋል፤ ግን የቁጥር 13ን መልስ ሰዎች ቶሎ የተቀበሉት ስለሚያሳርፍ ነው የሚል ጥርጣሬ አለኝ። በዚያ ትርኢት ላይ የሄለን ሰውነት እንዴት እንደሚታዘዝላት የሚያስደንቅ ነው፤ ፍርግርጉም አለ። አንዱን ለማየት ሌላውን መሸፈን አይገባም።

ቁጥር 15 ከዚህ ክርክር ክሩን አውጥቶ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መለሰው፤ የመለሰውም በሁለገብነቷ በኩል ነው። በ1969 በወጣው «ፕሪንስ» ሄለንና ቫይጃያንቲማላ በተዋናዩ በሻሚ ካፑር ፊት የሚወዳደሩበት አንድ ዘፈን አለ። ቫይጃያንቲማላ በልጅነቷ ባራታናትያም የተባለውን የህንድ ጥንታዊ ዳንስ የተማረች፣ መድረኩን እንደ ቤተ መቅደስ የምትረግጥ ናት፤ ሄለን ደግሞ ከአንዱ አገር ስልት ወደ ሌላው ትዘላለች፣ ልብሷም አብሮ ይለወጣል። መላሹ እንደሚለው ይህ ዘፈን የሥራ ዘመኗ ምሥል ነው። በ1961ዱ «ጋንጋ ጀምና» የገጠር ዳንሰኛ ሆናለች፤ በ1966ቱ «ቲስሪ ማንዚል» ሩቢ የምትባል የሆቴል ዳንሰኛ ሆና ከሻሚ ካፑር ጋር የሮክን ምት ረግጣለች፤ በ1977ቱ «ኢንካር» የማራቲ ሴቶች በእግሮቻቸው መካከል አሳልፈው የሚያሥሩትን ሳሪ ታጥቃ በመጠጥ ቤት ጨፍራለች። ቻይናዊት፣ ስፓኛዊት፣ ዓረባዊት፣ ጂፕሲ፣ ያልሆነችው የለም።

ከዚህ ላይ የራሴን ልጨምር። የጠያቂው መልስ የተሳሳተው ችሎታዋን በማሳነሱ ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱን በእሷ ውስጥ በመፈለጉ ጭምር ነው። የዚያን ዘመን የሂንዲ ፊልም መሪ ሴት በመጨረሻው ትዕይንት ለትዳር የምትበቃ መሆን ነበረባት፤ ሄለን የተሰጧት ስሞች ግን ኪቲ፣ ሩቢ፣ ሞኒካ የመሳሰሉ፣ ገና ሲጠሩ ከሌላ ሃይማኖትና ከሌላ አገር መሆናቸውን የሚያውጁ ናቸው። መልኳ ከበርማም ከአውሮፓም ስለተቀዳ፣ ሰውነቷም የማንኛውንም አገር ዳንስ ስለሚቀበል፣ ለዚያ የባዕድ ሴት ቦታ ከእሷ የተሻለ ሰው አልተገኘም። ሁሉን መሆን መቻሏ ሥራ አላሳጣትም፤ በፊልም ብዛት ከ700 በላይ የሚሉ አሉ። ያው መቻሏ ግን በእያንዳንዱ ፊልም ውስጥ የአንድ ዘፈን እንግዳ አድርጎ አስቀራት። የቁጥር 5ን ቆማ የምትጣራ ሴትና የምትሽከረከር ሴት ልብ ይሏል።

ቁጥር 16 ይህን ሐሳብ ባያነበውም የሚደግፍ ማስረጃ አመጣ። የ1978ቱ «ዶን» ውስጥ ሄለን ካሚኒ ናት፤ እጮኛዋን የገደለባትን ዶንን ለመበቀል ክፍሉ ትገባለች። ፖሊስ እስኪደርስ ሰውዬውን ማቆየት አለባት፤ ማቆያዋም ዳንስ ነው። መላሹ በዝርዝር እንዳስረዳው እያንዳንዱ እንቅስቃሴዋ ሁለት ሥራ አለው፤ ዶንን ለሚጫወተው ለአሚታብ ባችቻን ማባበያ ነው፣ ለተመልካቹ ደግሞ ሰዓት መቁጠሪያ። ፈገግታዋ ሳይጠፋ ዓይኗ ሲሰጋ ይታያል። አሻ ቦስሌ በዚህም ዘፈን ፊልምፌርን ወስዳለች። ሄለን በዚያን ጊዜ ወደ አርባ እየተጠጋች ነበር። ዳንስን እንዲህ የታሪኩ አንቀሳቃሽ አድርጎ የጻፈላት ሰው ቀደም ብሎ ቢገኝ ኖሮ ይላል መላሹ፤ ዓረፍተ ነገሩንም አልጨረሰውም።

በቁጥር 17 ስለ ኑሮዋ የመጣው በአጭሩ ሊነገር ይበቃዋል። ከፊልም ሠሪው ፒ ኤን አሮራ ጋር የነበራት ትዳር በ1974 ፈረሰ፤ በዚያ ወቅት የገንዘብ ችግር ላይ ወድቃ ሳለ ከ«ሾሌይ»ና ከ«ዶን» ደራሲዎች አንዱ የሆነው ሳሊም ካን በሚጽፋቸው ፊልሞች ሥራ እንድታገኝ ረዳት፤ በ1981 ተጋቡ። የሳሊም ልጅ የሆነው የታዋቂው ተዋናይ የሳልማን ካን እንጀራ እናት መሆኗን ያወቁ ወጣት ተሳታፊዎች እዚህ ላይ ብቅ ብለው ክሩን ወደ ሳልማን ሊወስዱት ሞክረው ነበር። መላሹ ግን ዋናውን ነጥብ አልለቀቀም፤ ዚናት አማንና ፓርቪን ባቢ የመሳሰሉ መሪ ተዋናዮች ከመሪነታቸው ሳይወርዱ ራሳቸው በምሽት ክበቡ ልብስ መደነስ ሲጀምሩ የሄለን ቦታ ከሥሯ ተነቀለ። «ዶን» ላይ መሪዋ ዚናት አማን መሆኗ ይህን በአንድ ፊልም ያሳያል። አጥሩ ሲፈርስ ማለፍ የቻሉት ከወዲያኛው ወገን የነበሩት ብቻ ናቸው።

ቁጥር 18 ላይ ጠያቂው ራሱ ተመለሰ። ከአቋሙ አልወረደም፤ ነገር ግን ጥያቄውን በዘዴ ለወጠው። መሪ ብትሆን ኖሮ እንደ ሌሎቹ በአሥር ዓመት ውስጥ ተረስታ ትቀር ነበር፣ ስለዚህ ጉዳቱ ጥቅም ሆኖላታል የሚል ነው አዲሱ ክርክሩ። ማድሁባላን የረሳት ሰው ካለ እንዲያመጣ በቁጥር 19 ተጠየቀ፤ መልስ አልሰጠም። ያው ቁጥር 19 ሄለን በ1996 በሳንጃይ ሊላ ባንሳሊ የመጀመሪያ ፊልም «ካሞሺ» አያት ሆና፣ በ1999 ደግሞ በ«ሁም ዲል ዴ ቹኬ ሳናም» የሳልማን ካን እናት ሆና መመለሷን፣ በ2000 በወጣው «ሞሃባቴን» የተሰጣት ስም ሚስ ሞኒካ መሆኑን፣ በ2009ም የህንድ መንግሥት የፓድማ ሽሪ ክብር እንደሰጣት አስታውሷል።

የመጨረሻው፣ ቁጥር 20፣ ከቁጥር 8ቱ አዛውንት ነው። ክርክሩን ዳኝተው ለመዝጋት አልሞከሩም፤ የዱባይዋን ልጅ ብቻ ለይተው በማመስገን፣ በየትኛው ዘፈን መጀመር እንደሚሻል ለጠየቀ አንድ ወጣት «ፕሪንስ»ን አስቀድሞ «ዶን»ን እንዲያስከትል፣ «ኢንተቃም»ንም ሳይዘል እንዲያይ መከሩት።